የመብላት ቀኖና

ገሠሠን በሱዳን፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ የማያውቀው የለም። ሙያው ጆንያ መስፋት ነው። ሰሊጥ እንደ ውኃ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ካገኘ ፈስሶ ያልቃል። ስለዚህ መኪናው ተጭኖ ከመነሣቱ በፊት ጆንያውን አንድ በአንድ ዞሮ የሚያይ፣ የላላውን የሚያጠብቅ፣ የተቀደደውን የሚጥፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እሱ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ከጭልጋ ተነሥቶ በገላባት በኩል በእግሩ ገባ። ክረምቱን ከርሜ እመለሳለሁ ብሎ ነበር የወጣው። እዚያው ሸጊቱን አገባ፣ እዚያው ወለደ፣ እዚያው ሸበተ። ልጆቹ በየፊናቸው ሄደዋል፤ ቤት የቀሩት ባልና ሚስቱ ናቸው።

ገሠሠ በሁለት ነገር ይኮራል። አንዱ ስፌቱ ነው። ሁለተኛው ጾሙ ነው። አጽዋማቱን ሁሉ ሳያጓድል ይጾማል፤ በሱዳን ሐሩር፣ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር እየታገለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ አይቀምስም። የሥራ ጓደኛው ሁዜይፋ በዚህ ያሾፍበታል። ሁዜይፋ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ሙስሊም ነው፤ ገዳሪፍ ተወልዶ እዚያው አድጎ፣ በአህያ ጋሪ፣ ሱዳኖች ካሮ በሚሉት፣ ጆንያ ያመላልሳል። «እኛ የምንጾምበትን ወር እንቆጥራለን፤ ከአንተ ጋር ግን የምትበላበትን ቀን መቁጠር ይቀላል» ይለዋል።

ባለፈው የሰሊጥ ወቅት፣ ሥራው በጦፈበት ሰሞን፣ የገሠሠ ዓይን ቢጫ ሆነ። አላመመውም፣ አላተኮሰውም። ሰውነቱን ግን ያሳክከው ጀመር፤ ሽንቱም ሻይ መሰለ። ሸጊቱ አንድ ጊዜ አየችውና ወፍ ነው አለች። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው ብላ ዶካ ከተማ ካለች መድኃኒት አዋቂ ቅጠል አስመጥታ አጠጣችው። የገበያው ሰዎች ደግሞ አቡ ሰፋር ነው አሉ፤ ሱዳኖች ቢጫነትን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ለእሱ መፍትሔው እሳት ነው ብለው የእጁን አንጓ ተኮሱት። ገሠሠ የሁለቱንም አገር መድኃኒት ጠጥቶም ተተኩሶም ቢጫው እየበረታ ሄደ። ዕድሜው የገፋ ሰው ሳያመውና ሳያተኩሰው እያደር ቢጫ ሲሆን ነገሩ ወፍ ላይሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም። ሁዜይፋ ብቻ አንድ ጠዋት ካሮውን ደጃፉ ላይ አቆመ።

«ተነሥና ውጣ» አለው። «ይህ ወፍ ጎጆ ሠርቷል። እንቁላል ሳይጥል ሐኪም ቤት እንድረስ።»

ሐኪም ቤት ያገኙት ዶክተር ዙሌካን ነው። ዙሌካ በካርቱም ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ከሚያዛውሩ ሐኪሞች አንዷ ነበረች። ጦርነቱ ከተማዋን ሲያምሳት፣ ልብሷንና ለቀዶ ሕክምና ዓይኗ ላይ የምታጠልቀውን ማጉያ መነጽር ብቻ ይዛ ወደ እናቷ ዘመዶች ገዳሪፍ ወጣች። እንደ እሷ ያሉ ሐኪሞች ከካርቱም ተሰድደው በመምጣታቸው፣ ቀድሞ የገዳሪፍ ሰው ካይሮ ድረስ የሚሄድለት ሕክምና አሁን ደጃፉ መጥቶለታል። እግዚአብሔር ከክፉ ውስጥ ደግ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ዶክተሯ በመሣሪያ አየችውና ሥዕል እየሣለች አስረዳችው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ይተኛል፤ ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ በራስጌው በኩል ያልፋል። የገሠሠ ቆሽት ራስጌው ላይ ካንሰር አብቅሏል፤ እብጠቱ ቱቦውን ስለዘጋው ሐሞቱ ወደ ደም ተመለሰ። ቢጫው ባለውለታህ ነው አለችው። ያ ቢጫ ባይታይ ኖሮ በሽታው ተሰራጭቶ ካበቃ በኋላ ነበር የሚታወቀው፤ አሁን ግን ገና አልተሰራጨም፣ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

ገሠሠ አረብኛውን ሰምቶ አብራው ወደ መጣችው ሸጊቱ ዞረ።

«ሰማሽ? ቆሽቴ ነው አሉ። ስታሳርሪው ኖረሽ ኖረሽ ይኸው።»

«እኔ ካሳረርኩትማ ምን ተርፎ ይቆረጣል?» አለችው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለቀ። ድሮ ወደዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚገቡት ብዙዎቹ በሕይወት አይወጡም ነበር፤ ዛሬ በለመደ እጅ የሚወጡት እጅግ ይበልጣሉ። የገሠሠ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። እብጠቱ ወደ ጉበት ከሚሄደው ትልቅ የደም ሥር ጋር ተጣብቆ ተገኘ። በፊት ቢሆን ሐኪሙ ይህን ሲያይ ሆዱን መልሶ ሰፍቶ ወደ ቤቱ ይሰድደው ነበር። ዙሌካ ግን የደም ሥር ቆርጦ መቀጠልን ከኩላሊት ሥራዋ ለምዳዋለች፤ አዲስ ኩላሊት ሰው ውስጥ የሚያድረው የደም ሥሩ ተሰፍቶ ነውና። የተበላሸውን ቁራጭ አወጣች፣ ጫፍና ጫፉን አገናኝታ ሰፋች፤ ከዚያም የተረፈውን ቆሽት፣ የሐሞቱን ቱቦና ጨጓራውን ከአንጀት ጋር በየተራ ቀጠለች።

ገሠሠ ከነቃ በኋላ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ስፌቱ ነው። ክሩ ምን ያህል ይወፍራል፣ ድርብ ነው ወይስ ነጠላ፣ ያፈስ እንደሆነስ? ዶክተሯ ሳቀች። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል አለችው። «ያ ዐሚ፣ አጎቴ ሆይ፣ የአንተ ጆንያ የሚሄደው እስከ ፖርት ሱዳን ነው። እኔ የሰፋሁት ከዚያ የረዘመ መንገድ አለበት።»

ስፌቱ አላፈሰሰም። ገሠሠ ቢጫው ለቅቆት፣ ማሳከኩ ትቶት፣ ለገና በዓል ቤቱ ገባ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበላው ሁሉ ከነቅባቱ ሳይፈጭ እንዳለ ይወጣል፤ ሰውነቱ እንደ ሻማ እያለቀ ሄደ። ዶክተሯ ይህ የሚጠበቅ ነው አለች። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚሠራው ቆሽት ነው፤ የተረፈው ቁራጭ አይበቃውም። የጎደለውን የሚሞላ እንክብል አለ፤ ከምግብ ጋር ይዋጣል። እሱን እየወሰደ ሥጋ ሲያበጅ፣ የቀረውን የበሽታ ዘር የሚያጠፋ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ይጀመርለታል። ያንን መድኃኒት የደከመ ሰውነት አይችለውም፤ ብዙ ከዘገየ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ቶሎ መበርታት አለብህ፣ ቀዶ ሕክምናው የመንገዱ እኩሌታ ነው አለችው።

እንክብሉ ከፖርት ሱዳን ተፈልጎ መጣ። ገሠሠ ሲወስደው ለውጡ ወዲያው ታየ። የበላው ምግብ ሆድ ውስጥ አደረ፤ ጉንጩ ትንሽ ሞላ፤ ሸጊቱን እንደ ድሮው መነትረክ ጀመረ።

ታዲያ አንድ ቀን ሸጊቱ እንክብሉ ከጉርሻው በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላ ተጠራጠረችና፣ ከካርቶኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ለሁዜይፋ ሰጠችው። ገሠሠ አረብኛ መናገር ከገበያው ለምዷል፤ ለማንበብ ግን ዓይኑ ሁዜይፋ ነው። ሁዜይፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እያነበበ ያስረዳቸው ጀመር። ከምግብ ጋር ነው፣ አይታኘክም፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አይቀመጥም። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«ምን ይላል?» አለ ገሠሠ።

«ከምግብ ጋር ይላል።»

«እሱን ነገርከን። ያስቆመህ ምንድን ነው?»

ሁዜይፋ ዋሽቶ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ወረቀቱን የሚያነብ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን ይህን ሰው ዋሽቶት አያውቅም። «ከኸንዚር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከአሳማ ቆሽት የተሠራ ነው ይላል።»

ገሠሠ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ካርቶኑን አንሥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንክብል ወደ አፉ አላቀረበም። አሳማ በአያት ቅድመ አያቱ ቤት ስሙም አይነሣም ነበር። ሞቱን አልናቀም፤ ሞትን እንደማንኛውም ሰው ይፈራል። የከበደው ሌላ ነው። እግዚአብሔር ከዚያ አልጋ አንሥቶት እያለ፣ ውለታውን በርኩስ ነገር የሚመልስ መሰለው።

ጉንጩ እንደገና ጎደጎደ። የነነዌ ጾም ሲገባ እጾማለሁ አለ። ሸጊቱ፣ ሆድህ ውስጥ ምን የሚቀር ነገር አለና ነው የምትጾመው ብላ ጠየቀችው። እሱ ሲተኛ ሁዜይፋን ደጅ ጠርታ እንክብሉን ፈልፍላ ዱቄቱን በገንፎ ልታቀምሰው እንዳሰበች ነገረችው። ሁዜይፋ እምቢ አለ።

«ሸጊቱ፣ አማና ነው። ሰው አምኖ የሚጎርሰው ነው። ባወቀ ቀን ከመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ከአንቺም እጅ ይጾማል።»

ስለዚህ ወደ ዶክተሯ ወሰደው። ዙሌካ ሚዛኑን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። ሁዜይፋ ምክንያቱን ሲነግራት ግን አፏን ያዘች። ለሙስሊም ሕመምተኞቿ ሁሉ ይህን እንክብል ከማዘዟ በፊት አስቀምጣ ከምን እንደተሠራ ትነግራቸዋለች፤ ሊቃውንቱ ለችግር ጊዜ የፈቀዱትንም ጨምራ ታስረዳለች። ለገሠሠ ስታዝ ግን አንገቱ ላይ ማዕተብ አየች። ክርስቲያን ስለ አሳማ ምን ገዶት ብላ አለፈችው።

«ክርስቲያን አሳማ ይበላ የለም እንዴ?» አለች።

«የኛ አይበላም» አለ ገሠሠ።

ሁዜይፋ ጣልቃ ገባ። «ዶክተራ፣ እነዚህ እኮ በዚህ ነገር ከኛ ይብሳሉ። እኔን ብታስረጂኝ ኖሮ አንቺም ሥራሽን ትጨርሺ፣ እሱም ከእኔ ይሰማ ነበር።»

ዶክተሯ ከልቧ ይቅርታ ጠየቀችው። መዕለሽ፣ መዕለሽ እያለች ትከሻውን ነካችው። ይህን የሚተካ፣ እኩል የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ግን የለም አለች። አስገድጄም አላስውጥህም፤ ሆኖም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካልበረታህ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ልጀምርልህ አልችልም ብላ እውነቱን ነገረችው።

ሁዜይፋ በመንገድ ላይ ሞከረ። ነፍስ ለማዳን ሲሆን የተከለከለው ይፈቀዳል፤ ይህ በቁርኣን ያለ ነው አለው። ገሠሠ ሰማውና፣ «ያ ያንተ በር ነው፤ ይክፈትልህ። እኔ ግን በጎረቤት በር አልገባም። የራሴን በር ላንኳኳ» አለ።

የገሠሠ የንስሐ አባት ቄስ መብራህቱ ናቸው። ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ከዶካ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ የሚኖሩ፣ አማርኛቸው የትግርኛ ዜማ ያለው ሽማግሌ ካህን ናቸው። ገሠሠና ሁዜይፋ በአውቶቡስ ዶካ፣ ከዶካ በጭነት መኪና ካምፑ ደረሱ። ሁዜይፋ ደግፎ እስከ ጎጆው በር አደረሰውና እሱ ከውጭ ጥላ ሥር ቆየ።

ገሠሠ ተንበርክኮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሳያውቅ የዋጠውን፣ ካወቀ በኋላ የተወውን፣ ዶክተሯ ያለችውን። ካህኑ እጁን ያዙና የቀጠነውን አንጓ ቁልቁል አዩት።

«ሳታውቅ የዋጥከው አይቆጠርብህም» አሉት። «ለእሱ አትዘን።»

«ካወቅሁ በኋላስ አባ?»

«ከዚያ አልጋ ማን አነሣህ?»

«እግዚአብሔር።»

«በማን እጅ?»

«በዶክተራ።»

«እሷስ ማን ናት? እንደኔና እንደ አንተ ከቤቷ የተሰደደች ናት። በስደተኛ እጅ ሲሰጥህ እጅህን ዘርግተህ ተቀበልክ። አሁን በእንክብል ሲሰጥህ ለምን እጅህን አጠፍክ? ይህ ማዕድ አይደለም፤ ጣዕሙን አትፈልገው፣ አትጠግብበት። መድኃኒት ነው።»

ገሠሠ መሬት መሬት አየ። «ጾሜስ?» አለ።

«ልጄ፣ ጾም መብላት የሚችል ሰው ለአምላኩ የሚያቀርበው ነው። አንተ እኮ መብላት አትችልም። የሌለህን ልታቀርብ ነው? መጀመሪያ መብላት ቻል።»

ገሠሠ ልቡ ትንሽ ቀለለው። ያም ሆኖ ባዶ እጁን መመለስ አልፈለገም፤ ቀኖና ይስጡኝ አላቸው። ስግደት ወይም የሚደገም ጸሎት ጠብቆ ነበር። ካህኑ ግን ሌላ አሰቡለት።

«መስገድ አትችልም፤ ሆድህ ገና ነው። ቀኖናህ ይህ ነው። ሐኪሟ ያዘዘችውን ሁሉ ትበላለህ፤ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ሥጋውንም። ማዕድ በቀረበ ቁጥር በስመ አብ ብለህ እንክብሉን ትውጣለህ። አንድ ማዕድ ብትዘልል ቀኖናህን አፈረስክ።»

«አባ፣ የፊታችን ሰኞ እኮ ዐቢይ ጾም ይገባል።»

«አውቃለሁ» አሉ ካህኑ። «ቀኖና ቀላል ነው ያለህ ማነው?»

ከጎጆው ሲወጣ ሁዜይፋ ፊቱን አይቶ ተፈቀደልህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ገሠሠ፣ አልተፈቀደልኝም፣ ታዘዝኩ እንጂ አለና ነገሩን ዘርዝሮ ነገረው። ሁዜይፋ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። በዚያው ሳምንት እኮ ረመዳንም ይገባል። ገዳሪፍ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ላይ ሲጾም፣ ገሠሠ ብቻ ፀሐይ እያየው ቀኑን ሙሉ ሊበላ ነው። «ወላሂ፣ አባትህ ጨካኝ ናቸው» አለው።

እውነትም ከባድ ሆነ። ገሠሠ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ጾም ጾሞ አያውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም። ሸጊቱ በሁዳዴ እንቁላል ስትጠብስ ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ በሩን ዘጋች፤ ጭሱ ሲያፍናት መልሳ ከፈተችውና፣ የመጣው ይምጣ ብላ ለጎረቤቶቿ ነገሩን ራሷ አወራችው። ጎረቤቶቿም ሰምተው እግዚአብሔር ይማረው ከማለት በቀር ክፉ አልተናገሩም፤ እንዲያውም አንዷ የላሟን ወተት በየጠዋቱ ትልክለት ጀመር።

ዶክተሯ ያዘዘችው ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ ጥቂት ሲጠናለት ገበያ ወርዶ ሲውል ምሳውን ይዞ መውረድ ግድ ሆነበት። መጀመሪያ ቀን ከሰሊጥ ጆንያው ክምር ጀርባ ተደብቆ ሊበላ ሲል ሁዜይፋ ደረሰበት። ሁዜይፋ ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«የጾመ ሰው ፊት መብላት አፈርኩ።»

«ቀኖና ተደብቆ ይፈጸማል? ና ውጣ። ካሮው ላይ ተቀመጥ።»

አውጥቶ ካሮው ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ከፊቱ ቆመ። ገሠሠ በስመ አብ አለ፣ እንክብሉን ዋጠ፣ ጎረሰ። ከሸክም አውራጆቹ አንዱ ምነው በረመዳን ብሎ ሊናገር ሲል፣ ሁዜይፋ ይህ ሰው ታዝዞ ነው፣ እኔ ደግሞ ዘበኛው ነኝ ብሎ መለሰው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የገበያው ጨዋታ ሆነ። የገሠሠ የምግብ ሰዓት ያለፈ እንደሆነ የጾሙት ነጋዴዎች ራሳቸው ከየመደብሩ ይጠሩታል፤ ያ ገሠሠ፣ ቀኖናህ ይፈርሳል ይሉታል። ቃሉን ከሁዜይፋ ተምረው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ የመድኃኒቱ ስም ይመስላቸዋል።

ሁዳዴው ሳይጋመስ ጉንጩ ሞላ፣ ቀበቶው ጠበበ። ዶክተር ዙሌካ መዘነችውና እንደገና መዘነችው። አልሐምዱሊላህ አለች፤ በማግስቱ መርፌው በክንዱ ገብቶ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ተጀመረ። በሽታው እንዳይመለስ ነው እንጂ እንደማይመለስ ማንም ምሎ ሊነግረው እንደማይችል አስረድታዋለች። ገሠሠም ገብቶታል። የተጨመረለትን ቀን እየተቀበለ ያመሰግናል፤ ያልተጨመረውን አይጠይቅም።

መድኃኒቱ በመንጠባጠብ ላይ ሳለ የምግቡ ሰዓት ደረሰ። ሸጊቱ የያዘችውን ዕቃ ከፈተች። ገሠሠ በነጻው እጁ አማተበና እንክብሉን ዋጠ፤ ከዚያም መብላት ጀመረ። ዶክተሯ እሷም ጾመኛ ናት፤ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ሲበላ አየችው። የካህኑን ነገር ሁዜይፋ ነግሯታል፤ ወዳዋለች።

«ያ ዐሚ፣ ይህ ቅጣትህ መቼ ነው የሚያበቃው?» አለችው።

ገሠሠ የጎረሰውን አላመጠና ዋጠ።

«አባ አልነገሩኝም» አላት። «እኔም አልጠየቅኋቸውም።»